ቆዳው ለምን አልረገፈም? የሜዳዋር፣ የቢሊንግሃምና የብሬንት ላቦራቶሪ፦ የጉዳይ ጥናት

ሐምሌ 1948 ስቶክሆልም ውስጥ ዓለም አቀፍ የዘረመል ጉባኤ ነበር። እዚያ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ስለ መንታ ጥጆች ያወራሉ። አንደኛው ሂዩ ዶናልድ ነው፤ የከብት እርባታ ተመራማሪ። ሌላው ፒተር ሜዳዋር ነው፤ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ፕሮፌሰር። ዶናልድ የቸገረው ነገር አለ። መንታ ጥጆች ሲወለዱ ከአንድ እንቁላል የተገኙትን ከሁለት እንቁላል ከተገኙት መለየት ይፈልጋል። አንድ ከብት ካለው ባሕርይ የቱ ከዘር፣ የቱ ከአያያዝ እንደመጣ ለማጥናት ይህን ማወቅ የግድ ነው። መልክ አይቶ መፍረድ ደግሞ አያስተማምንም።

ሜዳዋር አላመነታም። ይሄማ ቀላል ነው አለው። ከአንዱ ጥጃ ቆዳ ቆርጠህ ለሌላው ትለጥፋለህ። ከአንድ እንቁላል ከሆኑ ቆዳው ይይዛል። ከሁለት ከሆኑ ይረግፋል። የሚቀረው ቀን ቆጥሮ ማየት ብቻ ነው። እንዴት እንደሚሠራም መጥቼ አሳያለሁ ብሎ ቃል ገባ።

መልሱ ስህተት ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ሰው የሌላ ሰው ኩላሊት ወይም ጉበት ተተክሎለት ይኖራል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ የሚነገረው ታሪክ አንድ ትልቅ እግሩ በዚህ ስህተት ላይ የቆመ ነው። እኔን ግን ከስህተቱ በላይ የሚይዘኝ ስህተቱን ያዩት ሰዎች ያደረጉት ነገር ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሰዎቹ ጋር አድርጌ ነው የምነግራችሁ። ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስቶክሆልም በፊት የሆነው

ሜዳዋር በ1915 ብራዚል ውስጥ ተወለደ። አባቱ ሊባኖሳዊ፣ እናቱ እንግሊዛዊት ናቸው። ኦክስፎርድ ተምሮ እዚያው ምርምር ያዘ። ወደ ንቅለ ተከላ የገባው አስቦበት አይደለም፤ ጦርነቱ ነው ያስገባው። በ1940 አንድ የጦር አውሮፕላን ኦክስፎርድ ውስጥ ከቤቱ አጠገብ ወደቀ። በውስጡ የነበረው አብራሪ ክፉኛ ተቃጠለ። ሐኪሞቹ ሜዳዋርን ጠርተው አማከሩት። ችግሩ ግልጽ ነው። የተቃጠለው ቦታ በቆዳ መሸፈን አለበት። የሰውዬው የራሱ ጤነኛ ቆዳ ግን አይበቃም። የሌላ ሰው ቆዳ ቢለጠፍ ደግሞ አይቆይም። ለምን እንደማይቆይ በውል የሚናገር ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሜዳዋር ወደ ግላስጎ ሄዶ ቶማስ ጊብሰን ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር መሥራት ጀመረ። አንዲት በእሳት የተቃጠለች ወጣት ታካሚ ነበረች። ከወንድሟ ትንንሽ ቆዳዎች ወስደው ለጠፉላት። መጀመሪያ የያዙ መሰሉ። ከዚያ ረገፉ። ከቀናት በኋላ ከዚያው ከወንድሟ ሁለተኛ ዙር ለጠፉላት። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው በጣም ፈጥኖ ረገፈ።

ይህ «ፈጥኖ» የሚለው ቃል ነው ሁሉን ነገር የቀየረው። ኩፍኝ አንዴ የያዘው ልጅ ሁለተኛ ጊዜ አይያዝም፤ ሰውነቱ ያስታውሰዋል። የሴትየዋም ሰውነት የወንድሟን ቆዳ አስታውሶታል ማለት ነው። ስለዚህ ቆዳውን የሚያረግፈው የቀዶ ሐኪም የእጅ ጉድለት አይደለም። ሰውነት ተስቦንና ፈንጣጣን የሚዋጋበት ያው ኃይል ነው። ጊብሰንና ሜዳዋር ይህን በ1943 አሳተሙ። ሜዳዋር በጥንቸሎች ላይ ደጋግሞ ሞከረውና ጸና።

ስለዚህ በ1948 ለዶናልድ መልስ ሲሰጥ ከኪሱ ያወጣው ግምት አልነበረም። የራሱ የዓመታት ሥራ የሰጠው እርግጠኝነት ነው። እንዲህ ያለ እርግጠኝነት ሲናወጥ ያማል።

ሁለቱ ወጣቶች

ሩፐርት ቢሊንግሃም በ1921 ተወለደ። በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ውስጥ አገለገለ። ኦክስፎርድ የሜዳዋር ተማሪ ነበር። ሜዳዋር በ1947 ወደ በርሚንግሃም ሲሄድ አብሮት ሄደ። ቢሊንግሃም የእጅ ሰው ነው። ከእንስሳ ላይ ቆዳ በስሱ አንስቶ ሌላ ቦታ ላይ ማስቀመጥ፣ በጀሶ ፋሻ መጠቅለል፣ በቀኑ ፈትቶ ማንበብ ከባድ ሙያ ነው። በ1951 ሁለቱ ይህን ዘዴ በዝርዝር ጽፈው አወጡት። በኋላ ይህን ሙያ የሚማር ሁሉ የሚይዘው ጽሑፍ ሆነ።

ሌስሊ ብሬንት ሲወለድ ስሙ ሌስሊ አልነበረም። ሎታር ባሩክ ይባል ነበር። በ1925 ጀርመን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የናዚዎች ጥቃት ሲብስ ወላጆቹ በርሊን ወደሚገኝ የአይሁድ ሕፃናት ማሳደጊያ ላኩት። ታኅሣሥ 1938 የአይሁድ ልጆችን ወደ እንግሊዝ ያሻገረው የመጀመሪያው ጉዞ ውስጥ ተካተተ። ዕድሜው 13 ነበር። ወላጆቹንና እህቱን ከዚያ በኋላ አላያቸውም። በ1942 ከበርሊን ተጭነው ወደ ሪጋ ተወሰዱና ተገደሉ። ልጁ እንግሊዝ አደገ። የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ገባ፤ ቢማረክ እንዳይታወቅበት ስሙን ቀየረ። ከጦሩ ወጥቶ በርሚንግሃም ሥነ እንስሳት ሲማር የሚያስተምረው ሜዳዋር ነበር። በ1951 ሜዳዋር ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲዛወር ቢሊንግሃምም ብሬንትም ተከተሉት። ብሬንት ለዶክትሬት ነው የሄደው።

አሰብኩት። «የራስ» እና «ባዕድ» የሚለውን ሰውነት እንዴት እንደሚለይ ለማጥናት የመጣ ሰው፣ አገሩ ባዕድ ነህ ብላ ያባረረችው ልጅ ነው። ይህን ያልኩት ሳይንሱ ከሕይወቱ ተቀዳ ለማለት አይደለም። ብቻ ያሳተሟቸውን ጽሑፎች ሳስብ ከልቤ አይወጣም።

ከብቶቹ አልታዘዙም

ሜዳዋር ወደ በርሚንግሃም ከተመለሰ በኋላ የገባው ቃል ተጠየቀ። ከብቶቹ ያሉበት እርሻ ከከተማው 40 ማይል ያህል ይርቃል። ይህ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለላቦራቶሪው ሥራ በቀጥታ የሚጠቅም ነገር የለውም። መልሱን እናውቀዋለን ብለው ያሰቡት ነገር ነው። ቢቀሩ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ግን ቃል ቃል ነውና ሜዳዋርና ቢሊንግሃም ሄዱ።

ጥጃ አይጥ አይደለም። ትያዛለች፣ ትታሰራለች፣ ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል። ቆዳ ይነሳል፣ ከመንታዋ የመጣው ይተካል፣ ይጠቀለላል። ከዚያ ሌላ ቀን ተመልሶ ማየት ነው።

ተመልሰው ሲያዩ ቆዳው ይዟል። የአንድ እንቁላል መንቶች ላይ መያዙ አይገርምም። ግን ሁሉም ላይ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይዞ ተገኘ። ይባስ ብሎ አንዷ ሴት፣ ሌላው ወንድ የሆኑ መንቶች ላይም ያዘ። እዚህ ላይ ማምለጫ የለም። ወንድና ሴት ከአንድ እንቁላል አይወጡም። እነዚህ ጥጆች በእርግጥ ከሁለት እንቁላል የመጡ ናቸው። በዘር እንደ ማንኛውም ወንድምና እህት ነው የሚለያዩት። በሜዳዋር ሕግ መሠረት ቆዳው በሁለት ሳምንት ገደማ መርገፍ ነበረበት።

ምን ማድረግ ይቻል ነበር? እጃችን ከብት ላይ አልለመደም ማለት ይቻላል። ከብት ቆዳው ወፍራም ነው፣ ባሕርይው ለየት ይላል ማለትም ይቻላል። ለዶናልድ «ይቅርታ፣ ዘዴው ለከብት አይሠራም» ብሎ መጻፍና ወደ ለመዱት ሥራ መመለስም ይቻላል። ብዙ ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ውጤት መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። እነሱ ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። ከብት በአጠቃላይ የሌላውን ቆዳ ይቀበላል ወይ? በተለያየ ጊዜ ከአንዲት ላም የተወለዱ ጥጆችን ወስደው አቀያየሩ። ረገፈ። ከእናት ወደ ጥጃም አደረጉ። ረገፈ። ስለዚህ ከብቱ ደህና ነው፣ እጃቸውም ደህና ነው። የሚለዩት መንቶች ብቻ ናቸው። በአንድ ማኅፀን፣ በአንድ ጊዜ መኖራቸው የሆነ ነገር አድርጓቸዋል።

ይህ ማነጻጸሪያ ለኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። ሁለት ተጨማሪ የሙከራ ቡድን ብቻ ነው። ነገር ግን «ዘዴው አልሠራም» የሚለውን «ተፈጥሮ አዲስ ነገር እየነገረችን ነው» ወደሚለው የቀየረው እሱ ነው።

መልሱ ሌላ ሰው ጋ ነበር

የእንቆቅልሹ ቁልፍ ቀድሞ ተጽፎ ተቀምጧል። ጸሐፊው ሬይ ኦወን ይባላል፤ አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ የከብት ደም ዓይነት የሚያጠና ወጣት። ከሜሪላንድ አንድ ከብት አርቢ አንድ ያልተለመደ ነገር አጋጠመኝ ብሎ ይጽፋል። አንዲት ላም በአንድ ቀን በሁለት ኮርማዎች ተጠቅታለች። መንታ ወለደች። አንደኛው ጥጃ የአንዱን ኮርማ መልክ፣ ሌላኛው የሌላውን ይዟል። የደም ናሙናቸው ተመረመረ። እያንዳንዱ ጥጃ የሁለቱንም ዓይነት ደም ይዞ ተገኘ። አባቱ ያልሆነውን ኮርማ ዓይነት ጭምር።

ከብት የሚያረባ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር አብዛኛውን ጊዜ መካን ናት። ምክንያቱ የሁለቱ መንቶች የእንግዴ ልጅ የደም ሥሮቹ መገጣጠማቸው ነው። በማኅፀን ሳሉ ደማቸው ይቀላቀላል። የወንዱ ሆርሞን ወደ ሴቷ ይሻገራል። ኦወን በ1945 ያሳተመው ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል። ደም ብቻ አይደለም የሚሻገረው። ደም የሚሠሩት ሕዋሳትም ተሻግረው ይሰፍራሉ። ጥጃው አድጎ ትልቅ ከብት ሲሆንም የመንታውን ደም እየሠራ ይኖራል። ሰውነቱም አይቃወምም።

ሜዳዋርና ቢሊንግሃም ይህን ጽሑፍ አያውቁትም ነበር። ያገኙት በሌላ መንገድ ነው። አውስትራሊያውያኑ ማክፋርሌን በርኔትና ፍራንክ ፌነር በ1949 ባወጡት መጽሐፍ ላይ የኦወንን ግኝት ጠቅሰው ነበር። በርኔት ከዚያ ተነስቶ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለየው በተፈጥሮ አውቆት አይደለም፤ በጽንስ ጊዜ የሚማረው ነገር ነው። በዚያ ጊዜ የገባን ነገር ሁሉ የራሱ አድርጎ ይቆጥራል። በርኔት ራሱ በዶሮ ጽንስ ላይ ሞክሮት አልተሳካለትም። ሐሳቡ ያለ ማስረጃ ቀረ።

እነሆ እርሻው ላይ የታየው ነገር ትርጉም አገኘ። መንታ ጥጆቹ በማኅፀን ሳሉ ተዋውቀዋል።

አምስት አይጦች

ተፈጥሮ በከብት ያደረገችውን ሰው ሆን ብሎ በሌላ እንስሳ ማድረግ ይችላል ወይ? ለንደን ሲገቡ የሦስቱ ሥራ ይህ ሆነ።

የመረጡት አይጥ ነው። ለብዙ ትውልድ ወንድምና እህት እየተዳቀሉ የመጡ የላቦራቶሪ አይጦች አሉ። በአንድ ዘር ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደ አንድ እንቁላል መንቶች ይመሳሰላሉ። አንደኛው ዘር ሲቢኤ ይባላል፤ ጠጉሩ ቡናማ ነው። ሌላው ኤ ይባላል፤ ነጭ ነው። የነጩ ቆዳ ተራ ቡናማ አይጥ ላይ ቢለጠፍ 11 ቀን ገደማ ይቆያል፤ ከዚያ ይሞታል። ይህን አስቀድመው ብዙ ጊዜ ቆጥረውታል። የቀለሙ ልዩነት ጥሩ ነው፤ ውጤቱን በዓይን ማየት ይቻላል።

ሙከራው እንዲህ ነው። እርግዝናዋ የገፋ ቡናማ አይጥ ትደነዝዛለች። ሆዷ ላይ ያለው ቆዳ ብቻ ይከፈታል፤ ከሥሩ ያለው የሆድ ግድግዳ አይቀደድም። ጽንሶቹ በዚያ ግድግዳ ውስጥ በስሱ ይታያሉ። በጣም ቀጭን በሆነ መርፌ እያንዳንዱ ጽንስ ውስጥ ከጠብታ ያነሰ ፈሳሽ ይገባል። ፈሳሹ ውስጥ ያሉት የነጭ አይጥ ሕዋሳት ናቸው፤ ከጣፊያ፣ ከኩላሊትና ከቆለጥ የተወሰዱ። ከዚያ ይሰፋል። እናቲቱ ብትሞት፣ ጽንሶቹ ቢጨነግፉ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። የሰው እጅ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ አለቀ።

በጽሑፋቸው በዝርዝር ከገለጹት አንዱ ሙከራ ላይ አምስት ልጆች ደህና ሆነው ተወለዱ። ሲያዩአቸው እንደ ማንኛውም አይጥ ናቸው። ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው የነጭ አይጥ ቆዳ ተለጠፈላቸው። ፋሻው በ11ኛው ቀን ግድም ሲታይ በሁለቱ ላይ ቆዳው እየፈረሰ ነው። እንደማንኛውም አይጥ። በሦስቱ ላይ ግን ቆዳው እንደ ራሳቸው ቆዳ ሆኖ ተቀምጧል። ቀን ጨመረ፤ አልረገፈም። ነጭ ጠጉር አበቀለ። ቡናማ አይጥ፣ ጀርባው ላይ ነጭ ጠጉር ያለው እራፊ ይዞ ይሮጣል።

ከአምስት ሦስት። ይህ ቁጥር ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሁለቱ አልሠሩም ብለው በግልጽ ጻፉ። አልደበቁም፣ «አብዛኞቹ» በሚል ቃልም አልሸፈኑም። ቀሪውን አንባቢ እንዲመዝን ሰጡት።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሥራ ብስለታቸውን ያሳያል። አንድ ተጠራጣሪ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፦ ምናልባት የተለጠፈው ቆዳ ነው የተለወጠው፤ አዲሱ ቤቱን ለምዶ ባዕድነቱ ጠፍቶ ይሆናል። ሦስቱ ይህን ጥያቄ ከማንም በፊት ራሳቸው ጠየቁት። በመጀመሪያ የሌላ፣ የሦስተኛ ዘር ቆዳ ለታጋሾቹ አይጦች ለጠፉ። ረገፈ። ስለዚህ አይጦቹ መከላከል አቅቷቸው አይደለም፤ የታገሡት ያንን አንድ ዘር ብቻ ነው። ቀጥሎ ሌላ ተራ ቡናማ አይጥ ወሰዱ። የነጭ ቆዳ ለጥፈው እንድትቃወመው አደረጉ። የሊምፍ እጢዎቿን፣ በተለምዶ ንፍፊት የምንላቸውን፣ ወስደው ታጋሾቹ ውስጥ ከተቱ። ለወራት አምሮ የኖረው ነጭ ቆዳ በቀናት ውስጥ መፍረስ ጀመረ።

እንግዲህ ቆዳው ያው ባዕድ ነበር ማለት ነው። አልተለወጠም። የተለወጠው የአይጡ ሰውነት ነው። በጽንስ ዘመን የተዋወቀውን እንደ ራሱ ቆጥሮት ነበር። ሌላ ተዋጊ ሲመጣለት ግን ትዕግሥቱ ፈረሰ። በሁለት ሙከራ ሁለት ጥርጣሬ ዘጉ።

ጽሑፉ ጥቅምት 3 ቀን 1953 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። የሦስቱም ስም አለበት፤ ቢሊንግሃም መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ብሬንት፣ ሜዳዋር መጨረሻ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ያው መጽሔት የዲኤንኤን ቅርጽ አትሟል። አንድ ዓመት፣ አንድ መጽሔት፣ ሁለት እንዲህ ያለ ነገር!

በዚያው ጊዜ ፕራግ ውስጥ ሚላን ሃሼክ የሚባል ሰው የሁለት እንቁላል ጫጩቶችን የደም ሥር አገናኝቶ ወደዚያው ሐቅ ደርሶ ነበር። በአገሩ የዘረመል ሳይንስ በፖለቲካ ተጽዕኖ ሥር ስለነበር ውጤቱን የተረጎመው በሌላ መንገድ ነበር። በኋላ የለንደኖቹ ሰዎችና እሱ ተዋወቁ፣ ተከባበሩም።

ሽልማቱና ደብዳቤው

ሦስቱ አሜሪካ ውስጥ በሕክምናው ሰፈር «ሥላሴዎቹ» ተብለው ይጠሩ ነበር አሉ። ግን ብዙ አብረው አልቆዩም። ቢሊንግሃም በ1957 ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ። ከመለያየታቸው በፊት እሱና ብሬንት ሌላ ከባድ ነገር አገኙ። ገና በተወለዱ አይጦች ውስጥ የባዕድ ሕዋስ ሲያስገቡ አንዳንዶቹ አይጦች መኮሰስ ጀመሩ፤ አላድግ ብለው ይሞታሉ። የገቡት ሕዋሳት ተቀባዩን እንደ ባዕድ ቆጥረው እየተዋጉት ነበር። ዛሬ መቅኔ የሚተከልላቸው ሕሙማን ላይ ሐኪሞች በጣም የሚፈሩት ችግር ይኸው ነው።

በ1960 የኖቤል ሽልማት ለሜዳዋርና ለበርኔት ተሰጠ። ቢሊንግሃምና ብሬንት አልተካተቱም። ኦወንም አልተካተተም።

ሜዳዋር የደረሰውን ገንዘብ ከቢሊንግሃምና ከብሬንት ጋር ተካፈለ። ለኦወንም ደብዳቤ ጻፈ፤ አንተም ልትኖርበት ይገባ ነበር የሚል። ገንዘብ ማካፈል ክብርን ማካፈል አይደለም፤ የሁለቱ ወጣቶች ስም ሜዳሊያው ላይ የለም። ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ያን የመሰለ ቀጭን መርፌ የያዙ እጆች፣ ቀን የቆጠሩ ዓይኖች የእነሱም ነበሩ። ከነሱም በታች አይጦቹን የሚያረቡ፣ የሚመግቡ፣ ማን ከማን እንደተወለደ የሚመዘግቡ ሠራተኞች አሉ። ዘሩ አንዴ ቢደበላለቅ ያ ሁሉ ቆጠራ ዋጋ የለውም። ሜዳዋር ግን ማድረግ የሚችለውን አደረገ። ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራ ሰው ይህ ስንት ጊዜ እንደማይደረግ ያውቃል።

«ምንም»

አንድ ቀን ሜዳዋር ኦክስፎርድ ላይ ስለ አይጦቹ ትምህርት ሰጠ። አንድ ተማሪ ይህ ነገር ለሕሙማን የሚሰጠው ጥቅም ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሜዳዋር ምንም ብሎ መለሰ። ልክ ነበር፤ ማን እናት ሆድ ውስጥ ያለ ጽንስ ላይ ለወደፊት ኩላሊት ብሎ መርፌ ይወጋል? ከአዳማጮቹ መካከል ሮይ ካልን የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። ይህን ታሪክ ኋላ ላይ የተናገረው እሱ ነው። ያችን «ምንም» አልተቀበላትም። አይጥ ላይ ከሆነ፣ በሌላ መንገድ ሰው ላይም ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ። በመድኃኒት መሞከር ጀመረ፤ መጀመሪያ በውሾች ላይ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ መድኃኒት ታሪክ ውስጥ ስሙ ከፊት ከሚነሱት አንዱ ሆነ።

ያ የመጀመሪያው የቆዳ ፈተናም ከንቱ አልቀረም። ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ የሮናልድ ሄሪክን ኩላሊት ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከሉ። ለረጅም ጊዜ የሠራ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወንድማማቾቹ በእርግጥ ከአንድ እንቁላል መሆናቸው መረጋገጥ ነበረበት። ሐኪሞቹ የአንዱን ቆዳ ቆርጠው ለሌላው ለጠፉ። ያዘ። ሜዳዋር ለዶናልድ የነገረው ዘዴ ማለት ነው። የሰው መንቶች እንደ ከብት ደማቸው እምብዛም አይቀላቀልም፤ ስለዚህ ከብት ላይ የከሸፈው ሰው ላይ ሠራ። ሪቻርድ ስምንት ዓመት ኖረ።

አዲስ አበባ፣ እና አምስት ሰዎች

እኛ አገር የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አብረው ሠርተዋል። ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። እህት ለወንድሟ፣ እናት ለልጇ። ሁለት እንቁላል ናቸው፤ ሁለት ሰው። ማኅፀን ውስጥ አልተዋወቁም። ስለዚህ ኩላሊቱን የተቀበለው ሰው ጠዋትና ማታ መድኃኒት ይወስዳል፤ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ። መድኃኒቱ የሚያደርገው ሰውነትን ማስተማር አይደለም፤ ማዳከም ነው። ለዚህ ነው የተተከለለት ሰው ጉንፋን የያዘው ጎረቤት ሲመጣ የሚሸሸው። አንዲት ቀን መድኃኒቱ ቢጠፋ ወይም ቢረሳ የሚሰጋው። እህቱ የሰጠችው ኩላሊት ለሰውነቱ ዛሬም ባዕድ ነው።

የሦስቱ አይጦች ነገር ከዚህ የተለየ ነበር። ምንም መድኃኒት አልወሰዱም።

ይህን ወደ ሰው ለማምጣት ዓመታት ፈጀ። ቦስተን ውስጥ በማሳቹሴትስ አጠቃላይ ሆስፒታል ያሉ ሰዎች ኩላሊትን ከዚያው ለጋሽ ከተወሰደ መቅኔ ጋር አብረው መትከል ጀመሩ። ሐሳቡ የኦወን ጥጆች ሐሳብ ነው፤ የለጋሹ ደም ሠሪ ሕዋሳት ገብተው ለጊዜውም ቢሆን ይስፈሩ፣ ሰውነት ይተዋወቃቸው። በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጥቂት ሕሙማን ውጤት አሳተሙ። ለጋሾቹ እንደ እኛ አገር ዘመዶቻቸው ነበሩ። ሕሙማኑ አምስት ናቸው። አንዱ አልተሳካለትም፤ ኩላሊቱን አጣ፤ ይህም ተጽፏል። አራቱ ከንቅለ ተከላው በኋላ በ9ኛውና በ14ኛው ወር መካከል መድኃኒታቸውን ሁሉ አቆሙ። ኩላሊቱ መሥራቱን ቀጠለ።